ሽማግሌዎቹን በጓሮ ያስገባች ወፍ

ሽማግሌ እንደሚመጣ እያወቁ እንዳላወቁ መምሰል የሚባል ሥራ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ከለመድኩት ከመጋረጃ ስፌት በጣም ይከብዳል። ዶሮው ታርዷል፣ ሳምቡሳው ተጠቅልሏል፣ የሶፋው ልብስ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ባሌ እሑድ እሑድ ከማይለየው የቤት ሱሪው ወጥቶ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ ሲንኳኳ ግን ሁላችንም "ደግሞ ማነው በዚህ ጠዋት?" ማለት አለብን። ደንቡ ነው። ሽማግሌ ሲጠብቁ ነበር ከተባለ ልጃቸውን ለመገላገል የቸኮሉ ያስመስላል።

እኛም ይህን ሥራ አሳምረን ለመሥራት ተዘጋጅተን ነበር። ያበላሸችብን አንዲት ወፍ ናት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ ግን ወፏም አለችበት፣ ሸረሪቶቹም አሉበት፣ አማቴም አሉበት። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምረው።

የምንኖረው አዳማ ነው፤ አስፋልቱ ወደ ወለንጪቲ ከሚወጣበት ገባ ብሎ። የቤታችን የፊት በር የሚከፈተው ወደ በረንዳው ሲሆን እኔ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መጋረጃ እሰፋለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስፌቱንም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ አሮጌ መጋረጃ ክሩን ነቅዬ ፈታሁት፣ መልሼ ሰፋሁት፣ ደግሞ ፈታሁት፣ በሦስተኛው መጋረጃ መሰለ። ከዚያ ወዲህ የተሰፋ ነገር ሳይ ሳላገላብጠው አላልፍም። ታክሲ ውስጥ የሰው ኮሌታ ስመረምር ስንቴ ተገላምጫለሁ።

አማቴ ከወሎ ናቸው፤ ባሌ አንድ ልጃቸው ስለሆነ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። እኔና እሳቸው የምንጋጨው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሸረሪት። እኔ ንጽሕና የሚባል በሽታ አለብኝ። ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ መጥረጊያ አስሬ የበረንዳውን ማዕዘን ሁሉ በየሳምንቱ ካልጠረግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሳቸው ደግሞ ሸረሪት አይነካም ባይ ናቸው።

"ነቢያችን ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ ጊዜ ደጃፉ ላይ ድሯን አድርታ ጠላት የመለሰች ማን ናት?" ይሉኛል።

"እማማ፣ ያቺ የዋሻዋ ናት። ይቺ የበረንዳዬ ናት።"

"ዘሯ ናት!"

"ዘሯ ከሆነች ለምን ከእኔ መጋረጃ ላይ አትወርድም?"

"አንቺ ነሽ ዕቃሽን ከእሷ ቤት ያስገባሽው" ይሉኝና ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ዘወር ይላሉ። በዚህ ዓይነት ስምንት ዓመት ኖረናል።

የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ባደረገ ሰሞን አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ከፊት በራችን በላይ አንድ የአምፖል ሽቦ ተንጠልጥሎ አለ፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ባሌም ነገ እቀይረዋለሁ ካለ እንዲሁ። ሽቦው ጫፍ ላይ እፍኝ የማይሞላ ቆሻሻ ተንጠልጥሏል። ደረቅ ሣር፣ የቅጠል ስባሪ፣ የጥጥ ብናኝ፣ ከእኔው ቅዳጅ የወደቀ ሰማያዊ ጨርቅ። "ነፋስ ነው" ብዬ መጥረጊያውን ከፍ ሳደርግ አንዲት ወፍ አፍንጫዬ ሥር ደርሳ ጮኸችብኝ።

ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። አመድማ ናት፤ ምንቃሯ ረዥም ቀጭን ሆኖ ጫፉ እንደ ፍራሽ መስፊያ መርፌ ጎበጥ ብሏል። አወቅኋት። ጓሯችን ያለችው ሮማን ስታብብ እየመጣች አበባ የምትመጥ ናት። ባሏም አብሯት አለ፤ አረንጓዴው የሚያብለጨልጭ፣ ደረቱ ቀላ ያለ፣ ሰርገኛ የመሰለ። ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። እሱ የመብራት ሽቦ ላይ ቆሞ ይዘፍናል። ባሌን ጠርቼ አሳየሁት።

"ምን ልትይ ፈልገሽ ነው?" አለኝ።

"ምንም። ወፍ እይ ብዬ ነው።"

ወፏ ከጮኸችብኝ በኋላ በረንዳው ማዕዘን ወዳለው የሸረሪት ድር በረረች። እንደማታርፍ ሆና አየር ላይ ቆመች፤ ክንፏ አይታይም፣ ይርገበገባል ብቻ። ምንቃሯን ድሩ ውስጥ ሰደደችና ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ አደረገችው፤ ልክ እኔ ክር በጣቴ ላይ እንደምጠቀልለው። ተመለሰችና ያን ድር በሣሩ ዙሪያ አዞረችው፣ አንዱን ጫፍ ከሽቦው፣ ሌላውን ከቅጠሉ አጣበቀችው። ሄደች፣ ጠቀለለች፣ መጣች፣ ሰፋች። እጄ ላይ ያለው መጥረጊያ ቀስ ብሎ ወረደ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። ክር ሳትገዛ፣ መርፌውን ከፊቷ ላይ ተክላ የምትሰፋ ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አየሽ?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አማቴ ናቸው። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። "ወፍና ሸረሪት! ያኔም በዋሻው ደጅ አብረው ነበሩ፤ እርግቧ ጎጆዋን፣ ሸረሪቷ ድሯን። ዛሬም በልጄ ደጅ ተገናኙ። አሁንስ ትጠርጊያለሽ?"

መጥረጊያውን አስረከብኳቸው። እሳቸውም ወስደው አልጋቸው ሥር ደበቁት።

እኔ ግን ቅናት ያዘኝ። በማግሥቱ ከጠንካራው ክሬ ስድስት ቁራጭ ቆርጬ የበረንዳው ብረት ላይ ሰቀልኩላት። አንዷን አነሳቻት፣ ጎጆዋ ድረስ ወሰደቻት፣ ዞር ዞር አደረገቻትና መሬት ጣለቻት። ሁለተኛ ዞር ብላም አላየችኝ። ይህን ያህል ዓመት ሰፍቼ ክሬን መሬት የጣለብኝ ደንበኛ የለም። ተናድጄ የሸረሪቱን ድር ራሴ በጣቴ ይዤ ሳብኩት። ተሳበ። ለቀቅ አደረግኩት፤ ተመለሰ። ድጋሚ ሳብኩት፤ አይበጠስም፣ ይለጠጣል። ያኔ ገባኝ። ክር ክር ነው፤ ይሄ ላስቲክ ነው። ጫጩት ሲያድግ ቤቱ አብሮት ሊሰፋ ነው። እኔ የልጅ ሱሪ ወገብ ላይ የማደርገውን እሷ ለቤቱ በሙሉ አደረገችው። ደግሞም ያጣብቃል፣ ሙጫ አያሻውም። በዚያን ቀን ክሬን ሰብስቤ ገባሁ።

ጎጆው አልቆ እንቁላል ከገባበት በኋላ ችግሩ መጣ። በፊት በር ሰው ባለፈ ቁጥር ወፏ ብርር ብላ ትሄዳለች፤ ጎጆው ደግሞ የሚንጠለጠለው ልክ በሰው ግንባር ትይዩ ነው። አማቴ አዋጅ አወጡ፦ ጫጩት እስኪወጣ የፊት በር ተዘግቷል፣ ሁሉም በጓሮ ይግባ። ባሌ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያስጭን ውሎ ደክሞት ይመጣል፤ አንድ ሁለቴ ረስቶ በፊት ሊገባ ሲል እናቱ ከውስጥ "ወዴት!" ብለው መለሱት። በገዛ ቤቱ ዙሪያውን ዞሮ በወጥ ቤት መግባት ጀመረ። እኔም የስፌት መኪናዬን ወደ ግቢው ጥግ ገፋሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንን። እግር ሲለምድ ደግሞ ጭንቅላትን አያማክርም።

ሽማግሌው የሚመጣው ይህ ሁሉ እያለ ነው።

ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የምትወደው ልጅ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ወለንጪቲ ነው። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እኔ ማወቄን እሷ ታውቃለች፣ አባቷ ማወቁን እኔ አውቃለሁ፣ ሁላችንም ዝም ብለናል። አንድ ምሽት ልጄ ሰሃን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እማዬ፣ እሑድ ጠዋት የትም አትሄጂም አይደል?" አለችኝ።

"የትም አልሄድም።"

"አባዬስ?"

"ሸሚዙን እተኩስለታለሁ" አልኳት። በቃ፣ ያለቀ ነገር ነው።

አማቴም ለዚያች እሑድ ብቻ የፊት በሩ እንዲከፈት ፈቀዱ። "ለአንድ ሰዓት ትታገሣለች" አሉ። ሁሉም ነገር ተሰናዳ። ባሌ ሶፋው መሐል ተቀምጦ ምንም የማያውቅ ፊት ሲለማመድ አደረ።

በሩ ተንኳኳ። ወጥቼ የግቢውን በር ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከፊት የቆመው ባለ ከዘራው የልጁ አጎት ነው፤ በኋላ እንደሰማሁት አገሩ ሁሉ ሽምግልና የሚልከው ሰው።

"ደግሞ ማነው በዚህ ጠዋት?" አልኩ። አቤት እንዴት አድርጌ እንዳልኩት! ራሴ አመንኩት። በራሴ ትወና ደስ ብሎኝ "ግቡ፣ ግቡ በሞቴ!" ብዬ ከፊት ከፊት መራሁ፤ እግሬም ሁለት ሳምንት የለመደውን አደረገ።

በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለችው መተላለፊያ አንድ ሰው ወደ ጎን ሆኖ የሚያልፍባት ናት። ሽማግሌዎቹ ተከተሉኝ። የውሃ በርሜሉን አለፍን። ትናንት የታረደው ዶሮ ላባ ሳፋ ሙሉ ተቀምጧል፤ እሱን አለፍን። የልብስ ገመዱ ሥር ስንደርስ የመጨረሻው ሽማግሌ፣ ረዥሙ፣ የባሌ ሙታንታ ፊቱ ላይ ተጠቀለለበት። ሽንት ቤቱን ስናልፍ ግን እኔ አሁንም ደስተኛ ነኝ፣ "አካም ጂርቱ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" እያልኩ። የወጥ ቤቱን በር ስከፍት አማቴ በአንድ እጃቸው ሳምቡሳ፣ በሌላው የዘይት ጭልፋ ይዘው፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖ ተገኙ። እኔን አዩ። ከኋላዬ ያሉትን አዩ። ሳምቡሳውን ለመዋጥ ሞከሩ።

በዚያች ቅጽበት ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ነቃሁ።

አጎትየው ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ሽንት ቤቱን ዞሮ አየ፣ ሙታንታውን አየ፣ አማቴን አየ።

"እህቴ፣" አለኝ በጣም በትሕትና፣ ያ ትሕትናው ነው የገደለኝ፣ "መልሱ ገብቶናል። አላህ ይስጥልን።"

"ኧረ ኦቦ፣ አይደለም፣ ወፍ እኮ ነው..."

"ገብቶናል።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በሙታንታው ሥር ጎንበስ ብለው፣ እንደመጡት ተሰልፈው ወጡ።

ሳሎን ስገባ ባሌ አሁንም ምንም የማያውቅ ፊቱን እንደያዘ ተቀምጧል።

"የት አሉ?"

"ሄዱ።"

"ምን አልኳቸው?"

"ምንም አላልካቸውም። በጓሮ አስገብቻቸው ነው።"

ፊቱ ቀስ ብሎ ወደሚያውቅ ፊት ተቀየረ። "በጓሮ? ሽማግሌ? በጓሮ?"

ልጄ ከመኝታ ቤት ወጣች። ያለቀሰችው ለቅሶ አይነገርም። "ዕድሌን ለወፍ ሰጣችሁት!" አለችን። ወዲያው ስልኳን ይዛ ወደ ላንጋኖ ደወለች። ልጁ ለአጎቱ ደወለ። አጎትየው ያለውን ልጄ ቃል በቃል ነገረችን፦ "ብዙ ሰው ሴት ልጁን ከልክሎኛል፤ ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ። በወፍ የተመለስኩት ግን አሁን ነው። ረቡዕ ለገበያ ሽንኩርት ይዤ አዳማ እገባለሁ፤ ራሴ አያለሁ። ወፏ ካለች አለች። ከሌለች ግን ያንን ደጅ ድጋሚ የሚረግጥ የእኛ ወገን የለም።"

እንግዲህ የልጄ ትዳር በአንድ የአምፖል ሽቦ ላይ ተንጠለጠለ። እስከ ረቡዕ ወፏ እዚያ መገኘት አለባት።

ሰኞ ጠዋት የበረንዳው ደረጃ ላይ ጥፍር የምታክል የእንቁላል ቅርፊት አገኘሁ። ተፈልፍለዋል። "አልሐምዱሊላህ" አልኩ፤ ልጅ ያላት ወፍ ደግሞ የትም አትሄድም። አማቴም ወንበራቸውን አውጥተው በረንዳው ጥግ ተቀመጡ፤ የልጅ ልጅ እንደተወለደላቸው ሰው።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጩኸታቸውን ሰማሁ። የወደቁ መስሎኝ መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ።

"ወሰደቻት! ሸረሪቷን ወሰደቻት!"

"ድሯን ነው እማማ፣ ሁልጊዜም ድር ትወስድ የለም እንዴ?"

"ድር እግር አለው? እግሯ ሲንፈራገጥ በዓይኔ አይቻለሁ! ጎትታ ከድሯ መሐል አወጣቻት፣ ብረቱ ላይ ሁለቴ መታቻት፣ ለልጆቿ አጎረሰቻት!" ጣታቸውን ወደ ጎጆዋ ቀሰሩ። "ያንን ሁሉ ክር የሰጠቻትን! ቤት የሠራችላትን! ሸማኔዋን በላቻት!"

እውነት ነበር። ቆሜ ስጠብቅ እኔም አየሁ። ያቺ ባለሙያ ያልኳት ወፍ በየማዕዘኑ እየዞረች፣ አየር ላይ እየቆመች፣ ሸረሪት እንደ ፍሬ እየለቀመች ለጫጩቶቿ ታቀርባለች። ጫጩት እንደ እናቱ የአበባ ውሃ ጠጥቶ አያድግም ለካ፤ ሥጋ ይፈልጋል። ለካ ድሩ ቤት ብቻ ሳይሆን ጓዳም ነው። አማቴ ስምንት ዓመት ከእኔ መጥረጊያ አድነው ያፈሯቸው ሸረሪቶች ለወፏ የደለበ ገበያ ሆነው ቆይተዋል።

አማቴ ገቡና አልጋቸው ሥር የነበረውን የእኔን መጥረጊያ ይዘው ወጡ። በሸረሪት ምክንያት የቀሙኝን መጥረጊያ ለሸረሪት መከላከያ አደረጉት። ወፏ ወደ ማዕዘኑ በመጣች ቁጥር "እሽ!" ብለው ያውለበልባሉ። ያ ብቻ አልበቃቸውም። የሻይ ብርጭቆ እየደፉ፣ ከሥሩ ካርቶን እያንሸራተቱ፣ የቀሩትን ሸረሪቶች አንድ በአንድ ወደ መኝታ ቤታቸው አሸሹ። አራቱን ራሴ ቆጥሬያለሁ።

"እማማ፣ ወፏ ደንግጣ ትታን ብትሄድስ? ነገ እኮ ረቡዕ ነው! የልጄ ነገር!"

"ልጄ ልጄ አትበይኝ፣ የልጅ ልጄ ናት። ግን ነፍስ ገዳይ ጠርቼ አልድራትም።"

ልጄ ማታ መጥታ አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ለመነቻቸው። አማቴ ፀጉሯን ዳበሱላትና "አብሽሪ፣ ሌላ ምስክር እናገኛለን" አሏት። ሌላ ምን ምስክር? ሸረሪቶቹን ሊያቀርቡ ነው?

ረቡዕ መጣ። አራት ሰዓት ገደማ አጎትየው ብቻውን ገባ፤ ያለ ጋቢ፣ በከዘራውና በግማሽ ጆንያ ሽንኩርት። ለሽምግልና ያልመጣ ሰው መምሰል አለበት፤ እኔም ያላወቅኩት ሴት መምሰል አለብኝ። ይሄ ሥራ ማለቂያ የለውም።

"አካም ጂርታ ኦቦሌቲ፣ ደኅና ነሽ እህቴ? መጋረጃ ይሰፋል ወይ?"

"ነጋ፣ ኦቦ። ይሰፋል። ለየትኛው ቤት ነው?"

አላሰበበትም። "ለ... መስኮት ላለው ቤት።"

"ስፋቱስ?"

እጆቹን ዘረጋ። "ይህን ያህል።" ደግሞ ጨመረ። "ወይም ይህን ያህል። አንቺ እንደመሰለሽ።" ዓይኑ ግን ከፊት በሩ በላይ ሽቦው ላይ ነው። ቀረብ ብሎ አየ። "ይሄ ነው? ይሄን እኮ ሰውም ይሰቅለዋል። ቆሻሻ ነው። ወፏ የታለች?"

በሩ ተከፈተ፤ አማቴ መጥረጊያቸውን እንደ ዘበኛ ይዘው ወጡ።

"የለችም! አባርሬያታለሁ!"

ልጄ በመስኮቱ መጋረጃ በኩል ስታይ ፊቷ ብቻ ይታየኛል።

"ለምን አባረሯት?" አለ አጎትየው።

"ሸረሪት በልታ!"

አጎትየው ሽንኩርቱን አወረደ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽምግልና የለመደ ሰው ነውና ነገሩ ሲጣፍጠው ያውቃል።

"እትዬ፣ ጫጩት ምን ይብላ ይላሉ? ሳምቡሳ?"

አማቴ እሑድ ያየባቸውን አስታወሱና ፊታቸው ቀላ። "ሌላ ይብላ። ዝንብ ሞልቷል።"

"ሸረሪቷ ራሷ ምን ትበላለች?"

"ዝንብ።"

"ዝንቡስ ነፍስ የለውም?"

"ዝንብ ሌላ ነው! ዝንብ ምን ውለታ ውሏል?"

"የእኔ ማሳ ላይ ይቺን የመሰሉ አሉ" አለ፤ አሁን የገበሬ ድምፁ መጣ። "ሽንኩርቱን የሚበላውን ትል ይለቅሙልኛል። ሸረሪትም ይለቅማሉ። ሸረሪት ደግሞ አያልቅም፤ ዛሬ ድሯን ቢወስዱባት ነገ ሌላ ታደራለች፤ እሷ ብትሄድ ልጆቿ መቶ ናቸው። ወፏ ግን ስንት አላት?"

"ሁለት" አልኩ እኔ።

"ሁለት" አለ እሱ። "እትዬ፣ እኔ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ወፍና ሸረሪት ግን አይታረቁም፤ እንዲሁ አብረው ይኖራሉ።"

አማቴ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከጎጆዋ "ጢጥ፣ ጢጥ" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያች ቆሻሻ ከምትመስል ከረጢት ጎን ባለችው ቀዳዳ ሁለት አፎች ወጡ፤ ቢጫ ከንፈር፣ ውስጡ ቀይ፣ ከራሳቸው የሚበልጥ አፍ። ከጠዋት ጀምሮ የተከለከሉ ናቸው። ይጮሃሉ፤ ጎጆዋም ትለጠጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትለጠጣለች።

አማቴ ስምንት ልጅ ወልደው አንድ የቀረላቸው ሴት ናቸው። መጥረጊያው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

"እኔ አላየሁም" አሉ።

ወፏ ሮማኗ ላይ ሆና ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ወዲያው መጣች። በአጎትየው ጆሮ ሥር ስታልፍ ሰውየው ከዘራውን እንደያዘ ድንጋይ ሆነ። ማዕዘኑ ጋ አየር ላይ ቆመች፣ አማቴ ካላገኟቸው አንዷን ሸረሪት ለቀመች፣ ሽቦው ላይ አርፋ አጎረሰች።

"በላች?" አሉ አማቴ ከነጠላቸው ውስጥ።

"በላች" አለ አጎትየው በሹክሹክታ።

"የትኛዋን?"

"እግረ ረዥሟን።"

"ኢና ሊላሂ" አሉ አማቴ፤ ቆይተውም "ሁለቱም ደረሳቸው?"

"አንደኛው ገና ነው።"

"ታዲያ አትንቀሳቀስ፣ ትምጣ!"

ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። ወፏ ስንቴ እንደተመላለሰች እየቆጠረ ለአማቴ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስለ እያንዳንዷ ሸረሪት ያዝናሉ፣ ስለ እያንዳንዱ ጉርሻ ይጠይቃሉ። ሽንኩርት ገበያው አለፈው። ሲነሳ እንኳ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ነው ከበረንዳው የራቀው።

"መጋረጃውን እሑድ እወስዳለሁ" አለኝ።

"ኦቦ፣ ልኩን እኮ አልነገሩኝም።"

"እሑድ ሦስት ሆነን መጥተን እንነግርሻለን።"

እሑድ መጣ። በሩ ተንኳኳ። "ደግሞ ማነው በዚህ ጠዋት?" አለ ባሌ፤ ተራው ደርሶት ነው። ሦስቱ ጋቢዎች ገቡ። እኔ እግሬን አላመንኩትም፤ ከግቢው በር ጀምሮ የአጎትየውን ክንድ ይዤ ወደ ፊት በር ወሰድኳቸው። "ጎንበስ" አልኩ። አጎትየው ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ረዥሙ ግን በጎጆዋ ሥር ሲደርስ ወፏ ጉርሻ ይዛ መጣች፤ "አትንቀሳቀስ!" አሉት አማቴና አጎትየው በአንድ ድምፅ። ምስኪኑ እንደጎበጠ ቀረ፤ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ በረንዳ።

"ተቀመጡ" አለ ባሌ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ አጎትየው፣ እንደ ደንቡ። ከዘራውን ተክሎ ያማረ ንግግሩን ተናገረ፤ ልጃችሁን ለልጃችን፣ ቤተሰብ እንሁን፣ አላህ ያገናኘውን እኛ እናጽናው። ባሌም የተለማመደውን ሳይሳሳት መለሰ፦ ድንገተኛ ነገር ነው፣ ዘመድ ማማከር አለብን፣ ልጅቷንም መጠየቅ አለብን፣ በቀጠሮ ተመለሱ።

"እንመለሳለን። ቀኑን ይቁረጡልን።"

ባሌ ለዚህኛው አልተለማመደም። ወደ በሩ አየ። ረዥሙ ሽማግሌ አሁንም ጎብጦ ወለሉን ያያል፤ ከላዩ ጫጩቶቹ ይጮሃሉ።

"እንግዲህ... ጫጩቶቹ ሲበሩ ይሁን" አለ። "ያኔ በሩም ይለቀቃል።"

"ጥሩ። መቼ ነው የሚበሩት?"

ማንም አያውቅም። ባሌ እኔን አየ፣ እኔ አማቴን አየሁ፣ አማቴ ኮርኒሱን አዩ።

በደንቡ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ቤት ውስጥ የለችም። ብትኖርም አትታይም፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ ነገሩን ሁሉ ከሌላ ሰው ነው የምትሰማው። ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ጩኸት ይመጣል ብሎ ማንም አልጠበቀም።

"ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል!"

መጀመሪያ የሳቀው በሩ ላይ የጎበጠው ሽማግሌ ነው፤ ጎጆዋ እንዳትነካ አፉን በጋቢው አፍኖ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አጎትየው ሳቀ፣ አማቴ ነጠላቸው ውስጥ ገቡ፣ እኔ ግድግዳውን ደገፍ አልኩ። መጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጄ ምን እንዳደረገች ገብቷት ይሁን ሌላ፣ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ።

አጎትየው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ልጅቷንስ ጠየቅናት" አለ።

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ በቤቱ ውስጥ ምንም እንዳልተሰማ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "ዘመዶቼን አማክሬ፣" አለ፣ "ልክ በዘጠነኛው ቀን መልስ እሰጣችኋለሁ።"